ለ7 ዓመት ልጅ የመዝሙርና የትረካ ማጫወቻ፦ ጎንደር ላይ የቱን ልግዛ?

የማራኪዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ለ7 ዓመት ልጄ መዝሙር፣ የልጆች ዘፈንና ትረካ የምትሰማበት ማጫወቻ ልገዛላት ነው። ስልክ መስጠት አልፈልግም። ስክሪን ላይ ሳታፈጥ፣ እየሳለች ወይ እየተጫወተች ጆሮዋ ብቻ እንዲሠራ ነው የምፈልገው። አማርኛ ታነባለች፣ ቁጥር በደንብ ታውቃለች፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ገና እየለየች ነው።

ፒያሳና አራዳ ስጠይቅ የሚያሳዩኝ ሦስት ዓይነት ነው፦ በኢርፎን የሚሰማ የኪስ ኤምፒ3፣ ሚሞሪና ፍላሽ የሚቀበል የቻይና ሬዲዮ፣ ወይ ባለ በተን ስልክ። ውጭ አገር ያለች እህቴ ደግሞ ዮቶ የሚባለውን፣ ካርድ ሲገባበት የሚያወራውን የልጆች ማጫወቻ ልላክ ትላለች። መብራት ሲጠፋ የሚቆይ፣ ረጅም ትረካ ካቆመችበት የሚቀጥል፣ ጆሮዋን የማይጎዳ፣ ሲበላሽም እዚሁ የሚጠገን ቢሆን ደስ ይለኛል። አያቷ የተረኩላት ብዙ ተረት ቴሌግራም ላይ አለኝ፤ እሱንም ልጭንበት አስቤያለሁ። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ጠጋኙ ዘአራዳ

እህቴ፣ ቤት ውስጥ ለመስማት ከሆነ ከ0 እስከ 9 የቁጥር በተን ያለውን የቻይና ሬዲዮ ያዢ። ለዚህ ዕድሜ ከሱ የሚቀል የለም። 2ን ከዚያ 7ን ስትጫን ሚሞሪው ላይ ያለው 27ኛ ፋይል ይጀምራል፤ ምንም ማንበብ አይጠበቅባትም። አንቺ ደብተር ላይ «27 የጅቡና የአህያዋ ተረት፣ 28 የጦጣዋ ተረት» እያልሽ በአማርኛ ትጽፊላታለሽ፤ ማውጫዋ ያ ነው። የማሽኑ ስክሪን ቁጥር ብቻ ስለሚያሳይ የእንግሊዝኛው ነገር እዚያው ያበቃል። ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ያለውን ግን ተይው፤ 60ኛው ተረት ላይ ለመድረስ 59 ጊዜ መጫን ነው።

ቀጥሎ ባትሪውን እዪ። ጀርባውን አስከፍቺ። «ቢኤል-5ሲ» የሚል ጠፍጣፋ ባትሪ ካለው ጥሩ ነው፤ የድሮ ኖኪያ ስልኮች ባትሪ ስለሆነ የትም ይገኛል፣ ያለ መበየጃ በእጅ ይወጣል ይገባል። ኦሪጅናሉ የሚይዘው ኃይል 1020 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ሬዲዮው መካከለኛ ድምፅ ላይ ከ120 እስከ 150 ሚሊአምፔር ቢበላ 7 ወይ 8 ሰዓት ያጫውታል። መብራት ሙሉ ቀን ከጠፋ አይበቃም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ ገዝተሽ ሞልተሽ አስቀምጪ። አንዳንዱ ሬዲዮ ደግሞ ከጣት ባትሪ ወፈር የሚል፣ 18650 የተባለ ድቡልቡል ባትሪ ይይዛል። እሱ ላይ 9900 የሚል ጽሑፍ ካየሽ ውሸት ነው። በዚህ መጠን ያለው ጥሩ ባትሪ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው፤ ክብደቱም 45 ግራም ገደማ ነው። እጅ ላይ ሲያዝ ቅልል ካለ ውስጡ ባዶ ነው።

ያገለገለ ባትሪ ከሰጡሽ ጠረጴዛ ላይ አጋድመሽ በጣትሽ አሽከርክሪው። እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧል ማለት ነው፣ አትቀበዪ።

ሱቅ ስትሄጂ 30 ያህል ፋይል የተጫነበት የራስሽን ሚሞሪ ይዘሽ ሂጂ። 14ኛውን አስጀምረሽ 3 ደቂቃ ያህል አጫውቺ፣ አጥፊው፣ ባትሪውን አውጥተሽ መልሺና ክፈቺው። ካቆመበት ደቂቃ ከቀጠለ በጣም ጥሩ። ከ14ኛው መጀመሪያ ከተነሳ ይቻላል፣ ለሱ መላ አለው። ወደ 1ኛው ከተመለሰ ግን ለትረካ አይሆንም፤ ልጅቷ በየቀኑ ያንኑ መጀመሪያ ስትሰማ ትሰለቻለች። ሲከፈት ድምፁ በስንት እንደሚጀምርም እዪ፤ ሁልጊዜ በከፍተኛ ድምፅ የሚከፈት አለ። መጨረሻ ላይ የቻርጅ ኬብሉን ሰክተሽ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጊው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ የቻርጅ ቀዳዳው ብየዳ ደካማ ነው። ለጥገና ከሚመጣው ብዙው ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ታይፕ ሲ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ይህን ልብ በዪ፦ ርካሽ ዕቃ ላይ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ስትሰኪው ጨርሶ ቻርጅ ላያደርግ ይችላል። ቻርጀሩ «ዕቃ ተሰክቷል» ብሎ የሚያውቅባቸውን ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች አምራቹ ለቁጠባ ሲል ስለሚተዋቸው ነው። አንዱ ጫፍ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ የሆነ ኬብል ሲሰካ ይሠራል። ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያመጣው አንዳንዱ ዕቃ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

ትረካ ሰሚ

ጠጋኙ ለቤት ያለው ትክክል ነው። ለመንገድ ግን የኪሱ ኤምፒ3 ይበልጣል። ባሕር ዳር ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ስፒከር ከፍቶ ተሳፋሪ መረበሽ አይቻልም። በኢርፎን የሚሰማው ደግሞ ከሬዲዮው እጅግ ያነሰ ኃይል ስለሚወስድ በትንሽ ባትሪም ረጅም ሰዓት ይቆያል።

የኪስ ኤምፒ3 ስትመርጪ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው የመቆለፊያ ማብሪያ አለው ወይ የሚለው ነው። ከሌለው ቦርሳ ውስጥ እየተነካ ይበራል፣ ባትሪው ያልቃል። ሁለተኛው በጣት ተጭኖ «ቀጭ» የሚል እውነተኛ በተን መሆኑ ነው። በመንካት የሚሠራው ለልጅ አይሆንም፤ እጇ ሲረጥብ ወይ ቅባት ሲነካው አይታዘዝም። ትረካ ካቆመበት መቀጠል ላይ ሳንዲስክ ክሊፕ የሚባሉት ጥሩ ናቸው። «ኦዲዮቡክስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠውን ከዘፈን ለይተው ካቆመበት ይቀጥላሉ። ስም አልባዎቹ ብዙ ጊዜ ለዘፈን ብቻ የተሠሩ ናቸው። የአማርኛ ፊደል የፋይል ስም ላይ ካለ ደግሞ ባዶ አራት ማዕዘን ወይ ጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ፤ ስለዚህ ስሙን በቁጥር ብቻ አድርጊው።

ጠጋኙ መላ አለው ያለው ይህ ነው፦ ማሽኑ ደቂቃውን ባያስታውስም ፋይሉን ካስታወሰ፣ የ2 ሰዓቱን ትረካ በ5 በ5 ደቂቃ ቆርጠሽ 24 ፋይል ታደርጊዋለሽ። ያኔ ቢበዛ የሚደገምባት 5 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በእኩል ርቀት ምልክት ያስቀምጥና በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለያይቶ ያወጣልሻል። ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ከቆረጠው ምልክቱን ዝም ወዳለበት ቦታ ሳቢው፤ ዝምታው በሞገዱ ሥዕል ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል።

ዮቶ ዕቃው ግሩም ነው፣ የ7 ዓመት ልጅም ብቻዋን ትይዘዋለች። ካርዱ ውስጥ ግን ድምፁ የለም። ካርዱ መክፈቻ ነው፤ ድምፁን ማሽኑ በዋይፋይ ከኢንተርኔት ያወርደዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ያለ ኢንተርኔት የሚጫወተው። የራስን ድምፅ በባዶ ካርድ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ እሱም በስልክ መተግበሪያና በኢንተርኔት ነው። ቤታችሁ ቋሚ ዋይፋይ ካለና እህትሽ የአያቷን ተረት እዚያው ሆና አዘጋጅታ፣ ሁሉንም አውርዳ ከላከችው ይሆናል። ካለዚያ ገንዘቧ ያሳዝናል፤ መለዋወጫውም እዚህ የለም።

የጆሮ ጉዳይ

ስለ ድምፅ መጠን ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ያወጣው መመዘኛ ለልጆች 75 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይወርዳል። ለልጅ 78 ላይ 20 ሰዓት፣ 81 ላይ 10፣ 84 ላይ 5 ሰዓት ብቻ በሳምንት ይሆናል። ስለዚህ «85 ዴሲቤል፣ ለልጆች የተዘጋጀ» የሚል ሄድፎን ስታዪ ቀኑን ሙሉ ይደረጋል ማለት አይደለም። መጨረሻው ድረስ ተከፍቶ ከተሰማ በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ነው የሚበቃት። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጽሑፉን አምኖ የድምፁን በተን ለልጁ ይተዋል።

ኢርፎን ሲመረጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የጎማ ዓይነት ለልጅ አትግዢ። ጆሮውን ከላይ ሸፍኖ የሚቀመጠው ይሻላል። ምክንያቱ ባጃጅና ሚኒባስ ውስጥ ነው የሚታየው፦ የሞተሩ ጩኸት ከገባ ልጅ ድምፁን ከጩኸቱ በላይ ያደርገዋል፣ ቤት ስትገባም እዚያው ላይ ይቀራል። ሸፋኙ ጩኸቱን ስለሚቀንስ በዝቅተኛ ድምፅም ይሰማታል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለሽ፣ አድርጋው ሳለ በክንድ ርቀት ቆመሽ አድምጪ። ቃሉ ለይቶ የሚሰማሽ ከሆነ በዝቷል። በልክ የሆነውን ቁጥር አግኝተሽ፣ 12 ከሆነ 12 ብለሽ ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጥፊ።

የማሽኑን ድምፅ መገደብ ባይቻል እንኳ የፋይሉን መቀነስ ይቻላል። ኤምፒ3ጌይን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መነሻው 89 ዴሲቤል ነው። ሁሉንም ፋይል ወደ 83 ብታወርጂው የማሽኑ የመጨረሻ ድምፅ ራሱ ዝቅ ይላል። በ1.5 ዴሲቤል እርከን ስለሚሠራ ጥራቱን አይነካም፣ መመለስም ይቻላል። ሌላው ጥቅሙ የአያት ተረት ቀስ ብሎ ቆይቶ ቀጣዩ መዝሙር በድንገት እንዳይጮህባት እኩል ማድረጉ ነው።

ከሬዲዮው ጋር ሪሞት ከመጣ አብሮ አትስጫት። ውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ በልጅ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች። ቤት ውስጥ ከ7 ዓመት በታች ታናሽ ካለም ያው ነው። ተውጧል ብለሽ ከጠረጠርሽ እንድትተፋው አታስገድጃት፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ፣ መዋጥ ለሚችል ልጅ እዚያ እስክትደርሱ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ማር ፍለጋ ግን መንገዱን አታዘግዪ።

ደረጀ ነኝ ከአዘዞ

ባለ በተን ስልኩን ለምን ሁላችሁ ዘለላችሁት? ባትሪው ይቆያል፣ ኤምፒ3 ይከፍታል፣ አንዳንዱ ሜኑው በአማርኛ ነው፣ የእጅ ባትሪ መብራት አለው፣ የሚጠግነው ደግሞ በየጥጉ ነው። ሲም ካርዱን አውጥቶ መስጠት ነው እንጂ።

ጠጋኙ ዘአራዳ

ወንድሜ ደረጀ፣ ያልከው እውነት አለው፤ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ እኔም እሱን እላለሁ። ለ7 ዓመት የማልመክረው በሦስት ነገር ነው። አንዳንዱ ያለ ሲም ሜኑውን አይከፍትም፤ ሲገዛ ሲም አውጥቶ መሞከር ይገባል። ሲም ባይኖረውም የአደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውላል፣ ልጅ ደግሞ ቁጥር መነካካት ይወዳል። ሦስተኛው ጌሙ ነው፤ እህታችን ከስክሪን ልታርቃት ፈልጋ ስክሪን መግዛት ይሆንባታል። የስልኩ ሬዲዮም አብዛኛው ኢርፎኑን እንደ አንቴና ስለሚጠቀም ያለ ኢርፎን ጣቢያ አይዝም።

የማራኪዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቀማችሁኝ። እንግዲህ ለቤት ባለ ቁጥሩን ሬዲዮ ልይዝ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የአያቷን ተረት ከቴሌግራም ወደ ሚሞሪ ኮፒ አድርጌ ጎረቤት ሬዲዮ ላይ ስሞክረው አንዱንም አይከፍትም፤ መዝሙሮቹ ይከፍታሉ ግን ተራቸው ተዘበራርቋል፣ 1ን ስጫን 9ኛው ይመጣል። ኮምፒውተር ቤቴ የለም። ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ ሄጄ ምን ብዬ ልዘዛቸው? ሚሞሪውስ 64 ጂቢ ልግዛ?

ትረካ ሰሚ

ሁለቱም የታወቀ ችግር ነው፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው።

ቴሌግራም ላይ ማይክ ተጭኖ የሚላክ ድምፅ ኤምፒ3 አይደለም። ኦፐስ በሚባል መንገድ ተጨምቆ «ኦጂጂ» በሚል ፋይል ነው የሚቀመጠው፣ የቻይና ሬዲዮ ደግሞ ይህን አያውቀውም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ3 መቀየር ምንም አይፈይድም፤ አንዳንድ ልጆች እንደዚያ አድርገው ይሰጡሻል፣ አትቀበዪ። መለወጥ አለበት። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ካላቸው ይበቃል፦ ኮንትሮልና አር ሲጫኑ የመለወጫ መስኮት ይከፈታል፣ ፋይሎቹን ይጨምራሉ፣ ኦዲዮ ኤምፒ3 የሚለውን ይመርጣሉ፣ ያስጀምራሉ። ለንግግር 64 ኪሎቢት፣ ሞኖ፣ ቋሚ ቢትሬት (ለእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚያዘው የፋይል መጠን የማይለዋወጥ) በያቸው። ተለዋዋጭ ቢትሬት ከሆነ ርካሽ ማሽን ደቂቃውን አሳስቶ ያሳያል፣ ወደፊት ሲገፋም ይዘላል።

ተራው የተዘበራረቀው ሬዲዮው ፋይሎቹን በስማቸው ሳይሆን ሚሞሪው ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሚቆጥራቸው ነው። ስልክ ወይ ኮምፒውተር ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲገለብጥ እንዳመቸው ያስገባል። ስለዚህ እንዲህ በያቸው፦ «ሚሞሪውን በፋት32 ፎርማት አድርጉት፤ ስሙን 001፣ 002፣ 003 በሉት፤ ከዚያ ፋትሶርት ወይ ድራይቭሶርት በሚባለው ደርድሩልኝ።» ፕሮግራሙን ካላወቁት አንድ በአንድ ከ001 ጀምረው ይገልብጡ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሠራል። 1፣ 2፣ 3 ብለው እንዳይሰይሙት፤ በስም የሚደረድር ማሽን ላይ ከ1 ቀጥሎ 10 ይመጣል። ፎልደርም አያስፈልግም፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጥ፤ የደብተርሽ ቁጥር የሚገጥመው ያኔ ነው። በኋላ አዲስ ተረት ስትጨምሪ መጨረሻ ላይ እንጂ መሀል አታስገቢ፣ ካለዚያ ደብተሩ በሙሉ ይፋለሳል።

64 ጂቢ አትግዢ። በ64 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ትረካ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 8 ጂቢ ላይ ከ270 ሰዓት በላይ ይገባል። ከ32 ጂቢ በላይ ያለው ሚሞሪ ከፋብሪካ ሲመጣ ኤክስፋት በሚባል አሠራር ስለሆነ ብዙ ርካሽ ማሽን «ካርድ የለም» ይላል። 8 ወይ 16 ያዢ። ዋናው ሐሰተኛ አለመሆኑ ነው፤ 64 የሚል ተጽፎበት እውነቱ 8 የሆነ አለ። ሞልቷል ሳይል ይቀበላል፣ በኋላ የገባው ፋይል ግን ዝም ይላል ወይ ይንጫጫል። ልጆቹ ጋ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው የሚሞሪ መፈተሻ ፕሮግራም ካለ ባዶውን ሚሞሪ ያስፈትኑልሽ። 16 ጂቢውን ሞልቶ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ መልሶ ያነባል። ስህተት ካገኘ ለሻጩ መልሺ።

ከእንግዲህ አያቷ አዲስ ሲተርኩ በቴሌግራም ማይክ ሳይሆን በስልኩ መቅረጫ ቅጂ፣ ጥራቱ ይሻላል። እሱም አብዛኛው ስልክ ላይ ኤምፒ3 ስለማይሆን መለወጡ አይቀርም። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ሲሉ ትንፋሹ ይፈነዳል። ጋቢና ብርድ ልብስ ያለበት መኝታ ክፍል ከባዶ ሳሎን ይመረጣል፣ አያስተጋባም። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲመታ ተይው፤ ያን ድምፅ ከቃሉ አጥርቶ መለየት ከባድ ነው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የምትለው ልጅቷ አጠገባቸው ካለች ድምፃቸው ራሱ ይለወጣል፣ አስቀምጫት። እያንዳንዱን ተረት ለብቻው አቁመሽ ቅጂ፣ በኋላ መቁረጥ አይኖርብሽም።

ጠጋኙ ዘአራዳ

አንድ ልጨምር። ሬዲዮው በርቶ ሳለ ሚሞሪ ከተነቀለ የፋይሎቹ መዝገብ ሊበላሽና ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ማጥፋት፣ ከዚያ መንቀል። ሚሞሪው የሚገባበትን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኚው፤ ልጅ እንዳትነቅለው፣ በበጋ አቧራም እንዳይገባ። የተለወጡትን ኤምፒ3 ፋይሎች ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪያቸው። ሚሞሪ ሲሞት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ምልክት አይሰጥም።